ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ከጎንደር ነው የማናግራችሁ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝሁም፤ ሰሞኑን ከልቤ አልወጣ ያለ ሐሳብ ስላለ ብቻዬን ላጫውታችሁ ወድጃለሁ።

በዓል ማክበር የምናውቅ ሕዝብ ነን። አርባ አራቱ ታቦት በሚባልበት ከተማ ያደገ ሰው የወሩን ቀኖች የሚያስታውሳቸው በቁጥር ሳይሆን በስም ነው፤ አሥራ ሁለት ሲባል ሚካኤል፣ አሥራ ዘጠኝ ሲባል ገብርኤል፣ ሃያ አንድ ሲባል ማርያም ይላል። ታዲያ ኑሯችንን ከሥሩ የለወጠው የኮምፒውተርና የመገናኛ ታሪክ የትኛው ቀን አለው? ግንቦት 9 የዓለም የቴሌኮሙኒኬሽን ቀን ነው፤ በ1865 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የቴሌግራፍ ኅብረት የተመሠረተበት። መስከረም 29 ደግሞ የዓለም የፖስታ ቀን ነው፤ በ1874 እ.ኤ.አ. በርን ላይ የፖስታ ኅብረት የተፈጠረበት። ሁለቱም የመሥሪያ ቤት ቀኖች ናቸው። ስብሰባ አለ፣ ንግግር አለ፣ መፈክር ይሰቀላል፤ ዳቦ የሚደፋላቸው ግን የለም። እኔ የምፈልገው ዳቦ የሚደፋለት ቀን ነው።

ስለዚህ በታሪክ የተመዘገቡትን ቀኖች እያነሣሁ ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኋቸው። በባዕድ አቆጣጠር ሳነባቸው ቁጥር ብቻ ነበሩ። በእኛ ሲጠሩ ግን እያንዳንዳቸው ጎረቤት አገኙ።

ከጥቅምት 19 ልጀምር። በ1962 ዓ.ም. በዚያ ቀን ምሽት፣ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በፕሮፌሰር ሊዮናርድ ክላይንሮክ ቤተ ሙከራ፣ ቻርሊ ክላይን የተባለ ተማሪ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ወዳለው ኮምፒውተር «ሎጊን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በየፊደሉ መላክ ጀመረ። ኤል አለፈች፣ ኦ አለፈች፤ ሦስተኛዋ ላይ የወዲያኛው ማሽን ቀጥ አለ። አንድ ሰዓት ገደማ ከፈጀ ጥገና በኋላ ቃሉ ሙሉ ሆኖ ተላከ። የኢንተርኔት አያት የምንለው አርፓኔት ሥራውን የጀመረው እንዲህ በሁለት ፊደል ነበር።

ቀኑን የምወደው ስለ ሁለቱ ፊደላት ብቻ አይደለም። በወዲያኛው ጫፍ ቢል ዱቫል የተባለ ሰው ተቀምጦ፣ እያንዳንዷ ፊደል ስትመጣ መድረሷን በስልክ ይናገር ነበር። መልእክት የሚሞላው ተቀባዩ «ደረሰኝ» ሲል ነው፤ ይህን ደግሞ እኛ በከባድ ዋጋ እናውቀዋለን።

አፄ ቴዎድሮስ በ1862 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው አልጠፋም፤ ባሕር ተሻግሮ ለንደን ገባ። ምላሽ ግን አልተሰጠበትም፤ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ወረቀቶች መካከል ተቀመጠ። ንጉሡ ጠበቁ፤ ዝምታውን እንደ ንቀት ቆጠሩት። ቆንስል ካሜሮን ታሰረ፣ ሌሎችም ታሰሩ፣ ከዚያ የጄኔራል ናፒየር ጦር መጣ። በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ላይ ንጉሡ በገዛ እጃቸው አለፉ። ከጎንደር አድባራት ተሰብስበው ለመቅደላ መድኃኔ ዓለም የተቀመጡት የብራና መጻሕፍት ሳይቀሩ ተዘርፈው ተጫኑ። የዚያ ጦርነት ምክንያት አንድ ደብዳቤ ብቻ ነበር አልልም። ነገር ግን «ደብዳቤዎ ደርሶናል» የምትል አንዲት መስመር በጊዜዋ ተጽፋ ቢሆን ኖሮ እያልሁ ሳላስብ ያለፍሁበት የታሪክ ንባብ የለም።

አሁን ወደ ታኅሣሥ 23 ኑ። በ1975 ዓ.ም. በዚያ ዕለት አርፓኔት አሮጌውን የመገናኛ ሥርዓቱን ጥሎ ዛሬ ኢንተርኔት ሁሉ ወደሚሠራበት ወደ ቲሲፒ አይፒ ተሸጋገረ። በቲሲፒ ሕግ ውስጥ እኔን ልቤን የሚነካው ነገር አለ። መረጃ የተቀበለ ማሽን መድረሱን ለላኪው መመለስ ግዴታው ነው። ምላሽ ካልመጣ ላኪው ዝም ብሎ አይቀየምም፤ ደግሞ ይልካል፤ አሁንም ካልመጣ ትንሽ ጠብቆ ይደግማል። የሰው ልጅ በነገሥታቱ መካከል ማድረግ ያቃተውን ጨዋነት በማሽኖች መካከል ሕግ አድርጎ ጻፈው! ኔትወርክ የተቋረጠባቸውን ወራት እዚህ ያሳለፈ ሰው፣ ባሕር ማዶ ላለ ልጁ መልእክት ጽፎ መድረሱን የሚያሳየውን ምልክት ሲጠባበቅ ያመሸ ሰው፣ የምለው ይገባዋል። ታኅሣሥ 23 ዳቦ ይደፋላት። ገና ሊገባ ስድስት ቀን ሲቀረው ነው፤ ጾም ነውና ዳቦው ላይ ቅቤ አይቀባም እንጂ ሌላ ችግር የለባትም።

ሌሎችም ቀኖች አሉ። መጋቢት 25 ማርቲን ኩፐር በ1965 ዓ.ም. ኒው ዮርክ መንገድ ላይ ቆሞ በእጅ በሚያዝ ተንቀሳቃሽ ስልክ የደወለበት ነው። ኅዳር 24 ኒል ፓፕዎርዝ በ1985 ዓ.ም. የመጀመሪያውን አጭር የጽሑፍ መልእክት የላከበት ነው፤ መልእክቱ የእንኳን አደረሳችሁ ነበር፣ ለፈረንጆች ገና። ደስ ይላሉ፤ ግን ለእነዚህ የስልክ ነጋዴዎች ራሳቸው ድግስ ቢደግሱ ይበቃል።

ሚያዝያ 22 ግን ሌላ ነው። በ1985 ዓ.ም. በዚያ ቀን፣ ስዊዘርላንድ የሚገኘው ሰርን የተባለው የምርምር ማእከል፣ ቲም በርነርስ ሊ እዚያ ሆኖ የፈለሰፈውን፣ ድረ ገጾችን ሁሉ የሚያገናኘውን ዓለም አቀፍ ድር (ዌብ) ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለሕዝብ ለቀቀ። ሊሸጠው ይችል ነበር፤ አልሸጠውም። ጎንደር ፒያሳ ተቀምጦ ድረ ገጽ የሚሠራ ወጣት ለዚያ ፈጠራ አንድ ሳንቲም ለማንም አይከፍልም። ማግስቱ ሚያዝያ 23 ጊዮርጊስ ነው፤ ዋዜማውን ለዚህ ስጦታ ብናውለው ሰማዕቱ ቅር የሚለው አይመስለኝም።

ከዚህ ይልቅ የሚቀርበኝ የፊደላችን ቀን ነው። ወጣቶች አታስታውሱም ይሆናል፤ በአማርኛ የተጻፈ ሰነድ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲሄድ የማይነበብ የምልክት ክምር የሚሆንበት ዘመን ነበር። እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ የአንዱ «ለ» ለሌላው ትርጉም የለሽ ምልክት ነበረች። የእኛ ፊደል ከነእርባታው ከሁለት መቶ በላይ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ይህን ሁሉ በጽሕፈት መኪና ቁልፎች ላይ ለማስፈር የደከሙትን ድካም የኮምፒውተር ባለሙያዎቻችን በሌላ መልኩ ደገሙት፤ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ አማርኛን በላቲን ፊደላት አማካይነት ለመላላክ የሚያስችለውን ሴራ የተባለውን ዘዴ ያዘጋጁት በዚያ ዘመን ነው። ከዚያ በሴፕቴምበር 1999 እ.ኤ.አ. ለዓለም ፊደላት አንድ ወጥ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ሦስተኛ ዕትሙ ሲወጣ የግእዝ ፊደል ገባበት። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በዓለም ኮምፒውተሮች ሁሉ ቁጥሯ 4608 ነው። ቶኪዮም፣ ለንደንም፣ አዘዞም 4608 ናት። ሴፕቴምበር የእኛ ዓመት የሚለወጥበት ወር ስለሆነ ይህን ከእንቁጣጣሽ ጋር ማክበር እንችላለን። ሕፃናቱ የአበባ ሥዕላቸውን ይዘው ሲመጡ ከሥዕሉ ሥር 4608 ብለው ቢጽፉ ምን ያህል ባማረ!

ጳጉሜን 4ንም ሳልጠራት አላልፍም። በ1947 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ውስጥ ማርክ ሁለት ከተባለው ማሽን አንዲት የእሳት ራት ተይዛ በሥራ መዝገቡ ላይ የተለጠፈችበት ቀን ነው፤ የኮምፒውተር ስሕተት በእንግሊዝኛ «ባግ»፣ ማለትም ነፍሳት፣ ይባላልና። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ የኮምፒውተሮች ሰዓት አንድ ቢሊዮን ሰከንድ የሞላው በዚችው ቀን ነው። ስለዚህ ሰዓት ነው አሁን የምነግራችሁ፤ እንቅልፍ የነሣኝም እሱ ነው።

አብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከአንድ መነሻ ጀምረው በሰከንድ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። አዎ፣ ያቺው ታኅሣሥ 23። ችግሩ ቁጥሩ የሚቀመጥበት ስፍራ ነው። በቀድሞዎቹ ማሽኖች ለዚህ የተመደበው 32 ቢት፣ ማለትም ዜሮ ወይም አንድ የሚይዙ 32 ቦታዎች፣ ስለሆነ ከ2,147,483,647 በላይ መቁጠር አይችልም። የሚቀጥለው ሰከንድ ሲመጣ ቁጥሩ ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ማሽኑ ራሱን በታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ያገኘዋል። ቀን የሚያሰላ ሁሉ፣ የወለድ ሒሳብ ይሁን የመድኃኒት ማብቂያ፣ በዚያች ቅጽበት ሊሳሳት ይችላል።

ሰዓቱ ከመገልበጡ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ሰከንድ መቼ ናት? በዓለም አቀፉ ሰዓት ጃንዋሪ 19 ቀን 2038፣ ከሌሊቱ 3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ወደ እኛ መለስኋት። ማክሰኞ፣ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ።

ጥምቀት ነው! ሌላ ቀን አይደለም፣ ሌላ ሰዓትም አይደለም፤ ታቦታቱ በዋዜማው ከየደብራቸው ወርደው ካደሩ በኋላ፣ ካህናቱ ሌሊቱን ሲያገለግሉ አድረው፣ የፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ በነጭ ልብስ ተሞልቶ፣ ሕዝቡ የውኃውን መባረክ በሚጠብቅበት ንጋት ነው። ይህን ባገኘሁበት ሌሊት አልተኛሁም። ደግሜ ቆጠርሁ፤ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ስለሆነ ጥምቀት ከጃንዋሪ 19 አይናወጥም።

እንዲህ ከሆነ የዘመን መቁጠሪያ ቀመራችንን፣ ባሕረ ሐሳቡንም ላውጣው ብዬ ወረቀት ያዝሁ። 5500 ላይ 2030 ሲደመር 7530። በ19 ሲገደፍ 6 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመኑ ስንተው ወንበሩ 5 ነው። አምስት ጊዜ አሥራ አንድ 55፣ ሠላሳውን ስንገድፍ አበቅቴ 25። አምስት ጊዜ አሥራ ዘጠኝ 95፣ ዘጠናውን ስንገድፍ መጥቅዕ 5። ሁለቱ ሲደመሩ ሠላሳ፤ ሒሳቡ ልክ ነው። ይህን ያለ ምንም መሣሪያ በቃላቸው የሚያወጡ መሪጌቶች በዚህ ከተማ ዛሬም አሉ። እነሱ ቁጥር ሞልቶ መመለሱን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ 19ኙ ንኡስ ቀመር ይመለሳል፣ 532ቱ ዐቢይ ቀመር ይመለሳል፣ መመለሱም የታሰበበት ነው። የ32 ቢቱ ሰዓት መገልበጥ ግን የታሰበበት አልነበረም፤ ሠሪዎቹ ማሽናቸው ያን ያህል ዘመን ይቆያል ብለው አልገመቱም።

መድኃኒቱ ታውቋል። ቁጥሩ 64 ቢት ላይ ሲቀመጥ ለመቶ ቢሊዮኖች ዓመታት ይበቃል። አዳዲሶቹ ስልኮችና ኮምፒውተሮች በአብዛኛው ተሻግረዋል፤ ብዙ ማሽኖችን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ የተባለው ሥርዓትም በ2020 እ.ኤ.አ. ከወጣው 5.6 ከተባለው ዕትም ወዲህ የቆዩትን የ32 ቢት ማሽኖች ጭምር የሚያሻግር ሥራ አካትቷል። የሚያሰጋው የተረሳው ነው። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ መቆጣጠሪያ፣ በእርዳታ መጥቶ ዓመታት ያገለገለ የሕክምና መሣሪያ፣ ማንም የማይነካው አሮጌ የመረጃ ቋት።

እኔ እንግዲህ ከሁሉ አስበልጬ በዓል ሊሆን ይገባል የምለው ይህን ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. መግቢያ የተፈራውን፣ ዓመትን በሁለት አኃዝ ብቻ የሚጽፉ ኮምፒውተሮች 2000ን ከ1900 ያምታቱታል የተባለበትን ችግር አስታውሱ። ብዙ ባለሙያዎች ለዓመታት ሌት ተቀን ሠርተው አዳኑት፤ ቀኑ ሲደርስ ብዙም ነገር ስላልተበላሸ ሰዉ «ድሮስ ምን ነበረ?» ብሎ አለፋቸው። ያን ግፍ ጎንደር ላይ እንዳንደግመው። በዚያ ጥምቀት ጠዋት መብራቱ ካልጠፋ፣ የሐኪም ቤቱ ማሽን ካልተሳሳተ፣ ባንኩ ከከፈተ፣ ያን ያደረጉ ሰዎች ስም ይጠራ።

ለጥገና ባለሙያዎች፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በየመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ለምትጠብቁ ሁሉ፣ ከአሁኑ ጀምሩ። ያሉባችሁን አሮጌ መሣሪያዎች መዝግቡ፤ መቼ እንደተሠሩ፣ የትኛው ፕሮግራም እንደሚነዳቸው ጻፉ። ለሙከራ የተለየ፣ ከሥራ ውጭ የሆነ ማሽን ካላችሁ ቀኑን ወደዚያች ጠዋት አስጠግታችሁ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ፤ በሥራ ላይ ባለ መሣሪያ ግን በጭራሽ አትሞክሩት፣ መረጃ ሊበላሽ ይችላል። በዕለቱ ተረኛ የሚሆነው ሰው ከመዋኛው ዳር ሊቆም አይችልምና ለእሱ የሚደፋው ዳቦ በማግስቱ፣ ታቦተ ሚካኤል በሚመለስበት በቃና ዘገሊላ ይሁን። የአንዱን ዳቦ ዱቄት እኔ እችላለሁ።