ሞተሩ የትኛው ነው? የአንድ አሮጌ የእሽቅድምድም ሞተር ሳይክል ታሪክ ፍለጋ

ሄለን፦ ሰላም ሰላም! ዛሬ ብሩክ አንድ ፎቶ ይዞ መጥቷል። እዚህ ከመቀመጣችን በፊት ጀምሮ አፍጥጬበታለሁ። ብረት ላይ የተመታ ቁጥር ነው። ሌላ ምንም የለውም።

ብሩክ፦ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ሄለን፦ እኔማ ሙሉ ሞተር ሳይክል የምታሳየኝ መስሎኝ ነበር።

ብሩክ፦ ሰዉ የሚጣላው እኮ በዚህች ቁጥር ነው። አንድ የማውቀው ሰው ማንክስ ኖርተን ሊገዛ ነው። ሻጩ «ይሄ ማን ደሴት ላይ የሮጠ ነው» ብሎታል፤ አይል ኦፍ ማን የሚባለው፣ በሞተር ሳይክል ውድድር የታወቀው ደሴት ነው። ወረቀት የለውም። ወሬ ግን ሞልቷል። «እስቲ እይልኝ» ብሎ ፎቶውን ላከልኝ።

ሄለን፦ ቆይ፣ ማንክስ ኖርተንን ለማያውቁት አስተዋውቃቸው።

ብሩክ፦ ኖርተን የእንግሊዝ ፋብሪካ ነው፣ በርሚንግሃም፣ ብሬስብሪጅ ጎዳና። ማንክስ ደግሞ ለእሽቅድምድም ብቻ ሰርቶ ለግለሰብ ተወዳዳሪዎች ይሸጠው የነበረ ሞዴል ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር፤ 350 ወይም 500 ሲሲ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ። በ1950 የፋብሪካው ቡድን አዲስ ሻንሲ ይዞ ወጣ። የሰሜን አየርላንዱ ሬክስ ማካንድለስ የነደፈው ነው። ሃሮልድ ዳንኤል የሚባል ተወዳዳሪ ሞከረውና «የላባ ፍራሽ ላይ እንደመቀመጥ ነው» አለ። «ፌዘርቤድ» የሚለው ስም በዚያው ጸደቀ።

ሄለን፦ በድንጋይ አጥር መሀል እየበረሩ የላባ ፍራሽ! ሰውየው ቤቱ ምን ላይ ይተኛ ነበር?

ብሩክ፦ ከዚያ በፊት የነበሩትን ሻንሲዎች ብትነጂ ይገባሽ ነበር። የማን ደሴት አንድ ዙር 60.7 ኪሎ ሜትር ነው። በመንደር፣ በድልድይ፣ በተራራ ያልፋል። ማይክ ሄይልውድ በ1961 ሲኒየር ቲቲን፣ የደሴቱን የ500 ሲሲ ውድድር፣ በማንክስ ሲያሸንፍ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ማይል በላይ ነበር። 160 ኪሎ ሜትር ማለት ነው።

ሄለን፦ እሺ፣ ወደ ቁጥሯ እንመለስ። ምን ልይ?

ብሩክ፦ አሳድጊው። የመጀመሪያዋን 8 እይ።

ሄለን፦ ትንሽ ወደ ግራ ዘመም ብላለች። አጠገቧ ያለችው ደግሞ ከሷ በላይ ጠልቃለች።

ብሩክ፦ እሱ ጥሩ ምልክት ነው። ያኔ ቁጥሩ የሚመታው በእጅ ነበር። ሰውየው የብረት ማህተሞቹን አንድ በአንድ እያስቀመጠ በመዶሻ ይመታል። እጁ ሲደክም ይዘምማል። በማስመሪያ የተሰለፈ የሚመስል ቁጥር ካየሽ እንዲያውም መጠርጠር አለብሽ። አሁን ከቁጥሩ በታች ያለውን ብረት እይው።

ሄለን፦ ይሄ... የሚያበራው? ዳር ዳሩ ሻካራ ነው፣ ቁጥሩ ያለበት ቦታ ግን ልሙጥ ነው። ቀጫጭን ጭረቶችም አሉት፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ።

ብሩክ፦ የሞረድ ጭረት ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ እዚህ ቦታ ላይ አንድ ነገር ሞርዷል።

ሄለን፦ ስለዚህ የውሸት ነው! አበቃ።

ብሩክ፦ አትቸኩዪ! ሰው ሁሉ የሚስተው እዚህ ጋ ነው። የዚህ ሞተር ውጫዊ ቤት ማግኒዥየም ነው። ክብደት ለመቀነስ ብለው ነው። ማግኒዥየም በእርጥበት ይበላል፤ እያረጀ ሲሄድም ይሰነጠቃል። አንድ ድሃ ተወዳዳሪ የሞተሩ ቤት ተሰነጠቀበት እንበል። ሌላ ቤት አግኝቶ የራሱን ቁጥር መታበት። በእሱ ዓይን ማጭበርበር አይደለም። ጥገና ነው።

ሄለን፦ በገዢው ዓይንስ?

ብሩክ፦ በገዢው ዓይን ብዙ ገንዘብ ነው። ለዚህ ነው የፋብሪካው መዝገብ የሚያስፈልገው። ማንክስ ከፋብሪካ ሲወጣ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር አንድ ነበር። በየትኛው ቀን፣ ለየትኛው ነጋዴ ወይም ገዢ እንደተላከ በመዝገብ ይጻፋል። እንግሊዞች በዚህ ጉዳይ ምስጋና ይገባቸዋል። ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ መዝገቡን ማገዶ አላደረጉትም፤ ቢያንስ ሁሉንም አላደረጉትም። ቪንቴጅ ሞተር ሳይክል ክለብ የሚባል አለ፣ በ1946 የተመሰረተ። የብዙ ፋብሪካዎችን የድሮ መዝገብ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አስቀምጧል። የየብራንዱ ባለቤቶች ማኅበራትም አሉ። ቁጥርሽን ትልኪያለሽ፣ ቀኑንና የተላከበትን ይነግሩሻል።

ሄለን፦ እና ሊብሬው ላይ የለም ይሄ ሁሉ?

ብሩክ፦ የምን ሊብሬ! መንገድ ላይ አይነዳማ። ማንክስ መብራት የለው፣ ታርጋ የለው። በጭነት መኪና ወደ ውድድር ይሄዳል፣ በጭነት መኪና ይመለሳል። ተራ የመንገድ ሞተር ቢሆን የባለቤቶቹን ስም ሲወርድ ሲዋረድ ታገኚው ነበር። የእሽቅድምድም ሞተር ግን በመንግሥት ዓይን የለም።

ሄለን፦ ግን የውድድር ፕሮግራም አለ አይደል? ማን በምን እንደተወዳደረ የሚጽፍ።

ብሩክ፦ አለ። የማን ደሴት ቲቲ ውጤት ከ1907 ጀምሮ አለልሽ። ችግሩ ምን መሰለሽ፣ ፕሮግራሙ የሚለው «ቁጥር ይሄን ያህል፣ እገሌ፣ ኖርተን» ብቻ ነው። የትኛው ኖርተን? የሻንሲ ቁጥር አይጽፍም። ሰውየው ሁለት ኖርተን ካለው ወይም ከጓደኛው ከተዋሰ አለቀልሽ።

ሄለን፦ ስለዚህ መዝገቡ ብረቱን ያውቃል፣ ሰውየውን አያውቅም። ፕሮግራሙ ሰውየውን ያውቃል፣ ብረቱን አያውቅም።

ብሩክ፦ አዎ። ሁለቱን የሚያገናኘው ፎቶ ነው። እኔ ደግሞ ከዚህ ሥራ በጣም የምወደው እሱን ነው። ጥቁርና ነጭ ፎቶ አገኘሽ እንበል። ከፊት ያለውን የቁጥር ሰሌዳ ታያለሽ። በ1950ዎቹ ዓለም አቀፍ ውድድሮች የ500 ሲሲ ሰሌዳ ቢጫ ሆኖ ቁጥሩ ጥቁር ነበር። የ350 ሰማያዊ ሆኖ ቁጥሩ ነጭ። ስለዚህ ፎቶው ቀለም ባይኖረውም፣ በነጣ መደብ ላይ ጥቁር ቁጥር ካየሽ 500 ነው። በጠቆረ መደብ ላይ ነጭ ከሆነ 350 ነው።

ሄለን፦ ወይ ጉድ! ሻጩ «ይሄ 500 ነው፣ ፎቶውም ይኸው» ብሎ ጥቁር ሰሌዳ ቢያሳየኝ...

ብሩክ፦ ፈገግ ብለሽ ትመልሺለታለሽ። ከዚያ ጥቃቅኑን ነው የምታዪው። የቤንዚን ታንኩ አሉሚኒየም ነው፣ ከላይ በማሰሪያ ነው የሚታሰረው። አሉሚኒየም ሲወድቅ ይጎደጉዳል። ጉድጓዱ የት ነው? የትኛው ማቀፊያ ተሰብሮ ተበይዷል? የብየዳው ቅርጽ እንደ ጣት አሻራ ነው። በሥነ ሥርዓት የሚበይድም አለ፣ እንደ ወፍ ጎጆ የሚከምርም አለ። በ1955 ፎቶ ላይ ያየሽው የወፍ ጎጆ ዛሬም እዚያው ቦታ ላይ ካለ ከሻጩ አፍ ይልቅ እሱን እመኚ።

ሄለን፦ ታድሶ ከሆነስ? ተፍቆ፣ ተወልውሎ፣ ቀለም ተቀብቶ?

ብሩክ፦ ያኔ ነዋ የማለቅሰው። ሰዎች በፍቅር ነው የሚያድሱት፣ ይገባኛል። ግን ጉድጓዱን ሲሞሉት ማስረጃውን ነው የሚያጠፉት። እኔ ብሆን ብሎኖቹን እንኳ አልነካም። የእውነተኛ የውድድር ሞተር ብሎን ጭንቅላቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው። በንዝረት እንዳይፈታ ሽቦ አሳልፈው የሚያስሩበት ነው። በጥድፊያ ሌሊት በእጅ የተበሳ ቀዳዳ ትንሽ ይጠማል።

ሄለን፦ አንተ ጠማማ ነገር ስትወድ!

ብሩክ፦ በዚህ ጉዳይ አዎ። ታሪኩም እንደዚያው ነው። «ከ1953 እስከ 1957 እገሌ ጋ ነበር፣ ከዚያ ለአሥራ አንድ ዓመት የት እንደነበር አይታወቅም» የሚለኝን ሰው አምነዋለሁ። ሁሉንም ዓመት ያለ ክፍተት የሚደረድርልኝ ግን ያስፈራኛል። በተለይ ታሪኩ «የፋብሪካው ቡድን ሞተር ነው» ብሎ ከጀመረ። የኖርተን ቡድን ኮከብ የነበረው የጄፍ ዱክ ነበር የሚባለውን ሞተር ሁሉ እውነት ነው ብንል ሰውየው ለመንዳት ሳይሆን ለመሰብሰብ ነው የኖረው።

ሄለን፦ ሁሉም ነገር ተሟልቶ የተገኘ ግን የለም?

ብሩክ፦ ለምን የለም! ቪንሰንት ብላክ ላይትኒንግ የሚባል ሌላ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል አለ። የተሰራው ወደ ሠላሳ ገደማ ብቻ ነው። ከነዚያ አንዱን አውስትራሊያዊው ጃክ ኤረት ይነዳው ነበር። በ1953 በሰዓት 141.5 ማይል ሄዶ የአገሩን የፍጥነት ክብረ ወሰን ያዘበት። 228 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያ ሞተር በጥር 2018 ላስ ቬጋስ ላይ በጨረታ በ929,000 ዶላር ተሸጠ።

ሄለን፦ ለሞተር ሳይክል?!

ብሩክ፦ ለታሪኩ በይው። ማን እንደነዳው፣ የት፣ በስንት ፍጥነት፣ ሁሉም ይታወቃል። ደግሞ አዲስ ለማስመሰል አልታደሰም። በነገራችን ላይ የቪንሰንት ቁጥር ራሱ ደስ የሚል ነው። ባለ ሁለት ሲሊንደሮቹ ላይ የሻንሲው ቁጥር ከሞተሩ ቁጥር በ1900 ይበልጣል። መቀነስ የሚችል ልጅ ይበቃል። ልዩነቱ 1900 ካልመጣ አንዱ ከሌላ ሞተር ሳይክል የመጣ ነው።

ሄለን፦ ለኖርተንም እንዲህ ቀላል ቢሆን ጥሩ ነበር። ሁለቱ ቁጥር አንድ ሲሆን ግን ሁለቱንም መልሶ መምታት ይቻላል።

ብሩክ፦ መለዋወጫውም አልቆመማ። ብሬስብሪጅ ጎዳና ማንክስ መስራት ያቆመው በ1962 ነው። በ1966 ኮሊን ሲሊ የሚባል ተወዳዳሪ የእሽቅድምድም ክፍሉን ገዝቶ ቀጠለበት። ዛሬም ከብሎን እስከ ሻንሲ ሙሉ አዲስ ማንክስ የሚሰሩ አሉ። ጥሩ አድርገው ነው የሚሰሩት። ስለዚህ «ኖርተን ይመስላል» ማለት ምንም ማለት አይደለም።

ሄለን፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኛ በአማርኛ መኪናው ውስጥ ያለውንም ሞተር እንለዋለን፣ ሞተር ሳይክሉንም ሞተር እንለዋለን። አንተ «ይሄ ሞተር ማን ደሴት ላይ ሮጧል» ስትለኝ የትኛውን ነው?

ብሩክ፦ እ... እኔ ሻንሲውን ነው። ሞተሩ ይቀየራል። በአንድ የውድድር ዘመን ስንቴ ይፈታል! ሻንሲው ነው ሰውየውን የተሸከመው።

ሄለን፦ እኔ ደግሞ ሞተሩን ነው የምለው። ያሸነፈው እሱ ነው። ሻንሲ ብቻውን ቧንቧ ነው።

ብሩክ፦ ማካንድለስ ይሄን ቢሰማሽ!

ሄለን፦ ይስማ! አንተ ራስህ ባለፈው ስለ መኪኖቹ ያወራኸኝን ረሳህ እንዴ?

ብሩክ፦ አሃ፣ ፎርሙላ 3። በ1950ዎቹ ፎርሙላ 3 ማለት 500 ሲሲ ሞተር የተገጠመላቸው ትናንሽ የውድድር መኪኖች ናቸው። ኩፐር በብዛት ሰርቷቸዋል። ታዋቂው የመኪና ተወዳዳሪ ስተርሊንግ ሞስም ወጣት ሳለ በኖርተን ሞተር ነድቷል። የሁሉም ምኞት የማንክስ ሞተር ነበር። ኖርተን ግን ሞተሩን ለብቻው አይሸጥም። ስለዚህ ባለ መኪኖቹ ሙሉ ሞተር ሳይክል ይገዛሉ፣ ሞተሩን ያወጣሉ፣ የተረፈውን ይሸጣሉ።

ሄለን፦ ያን ምርጥ ሻንሲ! ባዶውን!

ብሩክ፦ ባዶውን። ወጣቶቹ ገዝተው የትራያምፍ ሞተር ገጠሙበት። ትራይተን የሚባለው እንዲህ ተወለደ። ትራያምፍና ኖርተን።

ሄለን፦ ስለዚህ እስቲ እንዲህ አስበው። የአንተ ሰው ሻንሲውን ገዛ። ከመዝገቡ ቁጥሩን አገኘ። ለዓመታት የሱን ሞተር ሲፈልግ ኖሮ አንድ ቀን አገኘው። አንድ ሰው ጋራዥ ውስጥ፣ ኩፐር መኪና ላይ፣ ያው ቁጥር በእጅ ተመቶበት፣ 8ቷ ወደ ግራ ዘምማ።

ብሩክ፦ ይለምነዋል። ገንዘብ ያቀርብለታል። ሌላ ማንክስ ሞተር ልስጥህ ይለዋል።

ሄለን፦ ባለ መኪናውስ?

ብሩክ፦ ባለ መኪናው ፎቶ ያወጣል። ጥቁርና ነጭ። መኪናዋ ያ ሞተር ተገጥሞላት ስትወዳደር። «ይሄ የኔ መኪና ሞተር ነው፣ ከሞተር ሳይክሉ ይልቅ እኛ ጋ ነው ብዙ የሮጠው» ይለዋል።

ሄለን፦ እውነቱን ነው እኮ።

ብሩክ፦ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የኔ ሰውዬ ግን ገና እዚያ አልደረሰም። እሱ አሁን የሞረድ ጭረት ያለባት ፎቶ ላይ ነው ያለው። ምን ልበለው?

ሄለን፦ መዝገቡን ሳያይ እንዳይከፍል በለው። ሻጩን ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጠይቀው፦ «ማነው የሞረደው?»

ብሩክ፦ «አላውቅም» ካለውስ?

ሄለን፦ አንተ ነህ ክፍተት የሚያምር ያልከው። ያኔ ዋጋ መቀነስ ይጀምር!