ፊዲያስ፣ ዜውስና አንዲት ኩባያ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ?

ዛሬ የማወራችሁ ማናችንም ስላላየነው፣ ወደፊትም ማንም ስለማያየው ሐውልት ነው። በግሪክ አገር፣ ኦሊምፒያ ላይ የነበረው የዜውስ፣ የግሪኮች የአማልክት አለቃ፣ ሐውልት ከሰባቱ የጥንት ዓለም ድንቆች አንዱ ነበር። ዛሬ ጣቱ እንኳ የለም።

የሠራው ፊዲያስ የአቴና ሰው ነው። በከተማው አቴና የተባለችውን አምላክ ትልቅ ጣዖት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ438 ካስመረቀ በኋላ ኦሊምፒያ ተጠራ። ቤተ መቅደሱ ቀድሞ አልቋል፤ የጎደለው ባለቤቱ ነበር። ፊዲያስም ቁመቱ 12 ሜትር ያህል የሆነ ዜውስ ዙፋን ላይ አስቀመጠ፤ ገላው የዝሆን ጥርስ፣ ልብሱና ጫማው ወርቅ። ራሱ ጣሪያውን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ስትራቦን የተባለው ጸሐፊ፣ ብድግ ቢል ጣሪያውን ይዞት ይነሣል ብሎ ነቅፎታል። እኔ ግን ፊዲያስ ይህን ሳያውቀው የቀረ አይመስለኝም። ቤቱ የጠበበው አምላክ ያስፈራል።

ውስጡስ? ሉቂያኖስ የሚባል ፌዘኛ ጸሐፊ እንዲህ ስላሉት ግዙፍ ጣዖታት ሲጽፍ፣ ከውጭ ወርቅና የዝሆን ጥርስ፣ ጎንበስ ብለህ ውስጡን ስታይ ግን ግንድ፣ ሽብልቅ፣ ምስማርና ቅጥራን፣ ከዚያም የአይጥ መንጋ ታገኛለህ ይላል።

እዚህ ላይ እኛን የሚነካ ነገር አለ። ፊዲያስ መልኩን ከየት አመጣኸው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ዜውስ በቅንድቡ ሲጠቅስ ተራራው የሚናወጥበትን የጥንቱን ባለቅኔ የሆሜርን ስንኝ ጠቀሰ ይባላል። ስንኙ ኢሊያድ ከተባለው ግጥሙ መጀመሪያ ክፍል ነው። በዚያው ክፍል፣ መቶ ያህል ስንኞች ቀደም ብሎ፣ ዜውስ ቤቱ የለም፤ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ግብዣ ሄዷል፣ የሚመለሰውም በ12ኛው ቀን ነው። ጳውሳንያስ የተባለው ግሪካዊ ተጓዥ ጸሐፊም ሐውልቱን በዓይኑ አይቶ ከገለጸ በኋላ፣ ግሪኮች ለአማልክቶቻቸው ምስል የዝሆን ጥርስ ከሕንድና ከኢትዮጵያ ያስመጡ ነበር ይላል። በርግጥ ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ነው፤ የዛሬውን ካርታችንን አይደለም።

የዝሆን ጥርስ ግን ጣጣ አለው። ኦሊምፒያ ረግረግ ስለሆነች እርጥበቱ ይጎዳዋል። ስለዚህ ከሐውልቱ ፊት ያለው ወለል ጥቁር ድንጋይ ተነጥፎበት፣ ዙሪያውን ከፍ ያለ የነጭ እብነ በረድ ጠርዝ ተሠራለት፤ ጥርሱን ከእርጥበት እንዲጠብቅ የሚፈሰው የወይራ ዘይት እዚያ ይጠራቀማል። ሐውልቱን የመጥረግ መብት የተሰጠው ለፊዲያስ ዘሮች ነበር። በጳውሳንያስ ዘመን፣ ከ600 ዓመት ያህል በኋላ ማለት ነው፣ ሥራው ከቤተሰቡ እጅ አልወጣም። እንዲያም ሆኖ ጥርሱ ተሰነጣጥቆ ዳሞፎን የተባለ የመሲና ቀራፂ ጠግኖታል።

የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ካሊጉላ ደግሞ የሐውልቱን ራስ አስቆርጦ በገዛ ራሱ መልክ በተሠራ ራስ ሊተካው አሰበ። ሠራተኞቹ መወጣጫውን ሲተክሉ ሐውልቱ በሣቅ ፈነዳ፣ መወጣጫው ተናደ፣ ሰዎቹም እግሬ አውጪኝ አሉ የሚል ወሬ ተጽፏል። ወሬውን አላምነውም፤ ግን ደስ ይለኛል።

የባይዛንታይን ጸሐፊዎች እንደሚሉት ሐውልቱ በመጨረሻ ቁስጥንጥንያ ተወስዶ ላውሶስ በተባለ ሹም ቤተ መንግሥት ቆመ። እ.ኤ.አ. በ475 ግድም በከተማው የተነሣ እሳት በላው።

ኦሊምፒያ የነበረው የፊዲያስ የሥራ ቤት ግን በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ስላገለገለ ግድግዳው ተረፈ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጀርመን አርኪዮሎጂስቶች ሲቆፍሩት የልብስ እጥፋት ማውጫ የሸክላ ቅርጾች፣ የዝሆን ጥርስ ፍርፋሪ፣ የብርጭቆ ቁርጥራጭና መሣሪያዎች አገኙ። ከመካከላቸው አንዲት ጥቁር የሸክላ ኩባያ ነበረች። ገልበጥ ሲያደርጓት ከሥሯ በግሪክኛ ተጭሮባታል፦ «የፊዲያስ ነኝ»።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።