ሽቦ ይታጠር ወይስ ይቅር

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ እንቅልፍ ላወራ ነበር። ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ከቅዳሜ ጀምሮ አንድ ነገር ከውስጤ አልወጣ ብሏል።

የጎመን ችግኞቹን ታስታውሳላችሁ አይደል? ሐሙስ ማታ ወደ መደቡ አዛወርኳቸው። ችግኝ ፀሐይ ሲበርድ ቢተከል ይሻላል፣ ቶሎ አይጠወልግም። አፈሩ ዝናብ ጠጥቶ ለስልሷል፣ ፍጉም በደንብ በስብሷል። ቅዳሜ ጠዋት ቡና ልቆላ ገብቼ ስወጣ፣ ኦቲዝም ያለበት ልጄ አቡሽ መደቡ ዳር ቁጢጥ ብሏል። እየነቀለ ነው።

አነቃቀሉን ልንገራችሁ። አይጎትትም። ከአፈሩ ጠጋ አድርጎ በሁለት ጣቱ ይይዛታል። ቀስ ብሎ ያወጣታል። ጆሮው ሥር ወስዶ ያራግፋታል። አፈሩ እየተፈረፈረ ትከሻው ላይ ይወርዳል፣ እሱ ያዳምጣል። ድምፁ ሲያልቅ መሬት ላይ ያጋድማታል። ሥሯ ወደ ግድግዳው፣ ቅጠሏ ወደ እሱ። ከዚያ ሌላዋን። አንዷም አልተሰበረችም። ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ የሚውለው ልጅ፣ የሚኒባስ ጥሩንባ የሚያስለቅሰው ልጅ፣ የአፈር ድምፅ ፈልጎ ያዳምጣል።

እኔ መቁያውን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። አልጮህኩም። አልሮጥኩም። «አቡሽ፣ ተው» እንኳን አላልኩም። ውስጤ ጭጭ ብሏል። ቡናው እያረረ ሽታው ይመጣል፣ ግን አልተንቀሳቀስኩም።

ጎረቤታችን እትዬ በአጥሩ በኩል አዩን። «ኧረ ልጄ፣ ጎመኑን ፈጀው እኮ! ዝም ትይዋለሽ?» አሉኝ። «ይተዉት እትዬ» አልኳቸው። ቆየት ብለው «አንቺስ ታድለሻል፣ እግዜር ትዕግሥቱን ሰጥቶሻል» አሉኝና ገቡ።

በቃ፣ እዚች ላይ ቀረሁ። ትዕግሥት ነው? ወይስ ደክሞኝ ነው? ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱም ዝምታ ናቸው። እኔ ደግሞ ከውስጥ ሆኜም መለየት አቃተኝ።

ብዙዎቻችሁ «ጓሮው እኮ ነው ያረጋጋሽ» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ስኮተኩት ትንፋሼ ይወርድልኛል። ጎመንን ማንም «እስካሁን አልተናገረም?» ብሎ አይጠይቅም። የታችኛውን ቅጠል ቀንጥሼ እሄዳለሁ፣ እሱ ከላይ ያበቅላል። የሚጠይቀኝ ነገር የለም፣ የምጠይቀውም የለኝም። ግን ልንገራችሁ? ከሁሉ በላይ የምረጋጋው አቡሽ ትምህርት ቤት ሲሆን ነው። ብቻዬን ስሆን። ይህን ጮክ ብዬ ስናገረው ሆዴ ይላወሳል። ልጄን እንዴት እንደምወደው ታውቃላችሁ። ይሁን እንጂ እንዲያ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ጓሮ ልትጀምሩ ያሰባችሁ እናቶች ስላላችሁ፣ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ የሚከት ልጅ ካላችሁ ጉሎ ከአጥራችሁ ይውጣ። ፍሬው ያምራል፣ ግን ልጅ ቢያኝከው ሊገድል የሚችል መርዝ አለው። አስተናግርም እንደዚሁ። ጤና አዳም ስትቀጥፉም የልጁን እጅ ወዲያው እጠቡት። ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል። ለቡና እንደ ልባችን ስለምንጠቀምበት ይህን ብዙ ሰው አይጠረጥርም። የጥብስ ቅጠል ግን ይትከልላችሁ። ቅርንጫፉን ቆርጦ መትከል ብቻ ነው። አቡሽ እሱን እየዳበሰ እጁን ሲያሸት ይውላል።

ምን እያልኩ ነበር... አዎ፣ እትዬ። ደግ ሴት ናቸው። ድሮ እሳቸውም «ጠበል ውሰጂው» ይሉኝ ነበር። ወሰድኩት፣ አልቆጭም። የሚያንገበግበኝ «ምን አጥፍታ ይሆን» የሚለው ሹክሹክታ ነው። ዘሚ የኑስ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት እናቶች ልጆቻቸውን ጓዳ ይደብቁ ነበር። እሷ ልጇን ይዛ አደባባይ ወጣች። በ2021 ስታርፍ ያለቀስኩት ዘመድ እንደሞተበት ሰው ነው። እሷ ባትኖር እኔ ዛሬ ይህን ማይክ ይዤ አቡሽ እያልኩ አላወራም ነበር። አሁንም ግን ታክሲ ውስጥ ልጁን ከጎኔ ሲያዩ ቦታ የሚቀይሩ አሉ። አሁንም! ...እሺ፣ ይቅር፣ ወደዚያ ከገባሁ አልወጣም።

ቅዳሜ ግን አብሮኝ ነበር። ይሄ ነው ግራ የገባኝ። እሱ እያለ፣ ያውም እያጠፋ... እያጠፋ ነው ይባላል? ብቻ እሱ እያለ ነው ጭጭ ያለልኝ። ድካም ቢሆን ኖሮ ሙሉውን አነቃቀል እንዲህ ልቅም አድርጌ አይ ነበር? የደከመው ሰው ያያል እንዴ? ወይ ደግሞ የደከመው ሰው ነው ቆሞ የሚያየው። እንጃ። ሰኞ ዕለት ካልሲ አላደርግም ብሎ ሲያለቅስ ትዕግሥቱም ጸጥታውም የት እንደገቡ አላውቅም። አብሬው አለቀስኩ።

ችግኞቹን ያኔውኑ ቅዳሜ ማታ መልሰን ተክለናቸዋል። ግማሾቹ ቀና ብለዋል። ባለቤቴ መደቡን በሽቦ እንጠረው ይላል። ልክ ነው፣ ጎመን መብላት አለብን፣ ገበያው እንደሆነ ታውቁታላችሁ። እኔ ደግሞ ለአቡሽ ሌላ መደብ ብንሠራለትስ እላለሁ፣ የሚነቀል ነገር ብቻ የሚተከልበት። ቦታ የለም ይላል። ቦታ የለም፣ እውነቱን ነው። የጥብስ ቅጠሉን ብናነሳው ግን... አይ፣ እሱንማ ይወደዋል። ሽቦው ነገ ይመጣል ብሏል፣ እስከዚያ እንግዲህ...