በሩን ከማንኳኳታችሁ በፊት፦ ስለ ቤት ለቤት ቅስቀሳ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

እሁድ ከሰዓት ከሐዋሳ ስልክ ስንቀበል፣ ስለ ቤት ለቤት የምርጫ ቅስቀሳ የጠየቀው ሰው ብዛት እኔንም አዘጋጁንም አስገርሞናል። ሰዓቱ አልቆ ያልደረስኩባቸው ጥያቄዎች አሉ። ተቻኩዬ የመለስኳቸውም አሉ። እዚህ ረጋ ብዬ ልመልስ። በዚህ ጽሑፍ ለማንም ፓርቲ አልቀሰቅስም። የምጽፈው ለሚያንኳኩትም፣ በራቸው ለሚንኳኳባቸውም ነው።

ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ አንዲት በጎ ፈቃደኛ፦ «የግቢ በር አንኳኩተን ‹ማነው?› ሲሉን ‹ከፓርቲ ነን› እንላለን። ከዚያ ድምፅ ይጠፋል፣ ወይ ደግሞ ‹ባለቤቱ የለም› ይሉናል። ሰው እንዳለ ግን ይሰማናል። ምን አጥፍተን ነው?»

እህቴ፣ ያጠፋችሁት አንድ ቃል ነው። «ከ...ነን» የሚለውን።

በእኛ አገር በር ላይ ቆሞ «ከእንትን ነን» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚመጣው መዋጮ፣ ስብሰባ ወይም ምዝገባ ነው። በዚያ ላይ የአንድ ለአምስት ዘመን ገና ከሰው ልብ አልወጣም። ማን ስብሰባ እንደቀረ፣ ማን ምን እንዳለ የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ የቤቱ ሰው «ከፓርቲ ነን» ሲባል የሚሰማው ግብዣ አይደለም። «ተገኘሁ» ነው የሚለው።

መጀመሪያ ስምሽን ተናገሪ፣ ቀጥሎ ሰፈርሽን። «እገሊት ነኝ፣ ከታች ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ነው የምኖረው።» የፓርቲው ስም ሦስተኛ ይምጣ። አይደበቅ፣ ግን አይቅደም። የቆርቆሮ በር በሳንቲም ወይም በድንጋይ አትምቱ። ውስጥ ላለ ሰው ፖሊስ የመጣ ነው የሚመስለው። በእጅ አንኳኩና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ በሉ፣ በስንጥቁ ሲያዩ ሙሉ ፊታችሁ እንዲታያቸው። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ አንዷ ሴት ብትሆን ይሻላል። ስድስት ሰው አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ በር ላይ ከቆመ ቅስቀሳ መሆኑ ቀርቶ ከበባ ይሆናል።

ሌላው ነገር ደብተር ነው። ይህን የተማርኩት በራሴ ነው። በ2013ቱ ምርጫ፣ ሰኔ 14 ከመድረሱ ሳምንታት በፊት፣ ታቦር ተራራ ግርጌ አንድ ግቢ ገባን። አንዲት እናት በረንዳ ላይ ሰፌድ ይዘው በርበሬ ይለቅማሉ። ወንበር ሰጡን፣ ጨዋታ ተጀመረ። እኔ ደብተሬን አውጥቼ የቤት ቁጥሩን ስጽፍ እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ልጄ፣ ስሜን ለማን ልትሰጠው ነው?»

ለማንም አልኩ። እንዳንረሳ ብዬ ነው አልኩ። እሳቸው ከዚያ በኋላ ለምንናገረው ሁሉ «እሺ፣ እሺ፣ እንዳላችሁ» ብቻ ሆነ መልሳቸው። ስንወጣ ለጓደኛዬ «እኚህ የኛ ናቸው» አልኩት። እንዴት ያለ ሞኝነት! በአገራችን በር ላይ የሚደጋገም «እሺ» ትርጉሙ «በሰላም ሂዱልኝ» ነው። እኔ ደግሞ ደጋፊ ብዬ መዘገብኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት አልጽፍም። ከግቢው ወጥቼ፣ ኩርባውን ታጥፌ ነው የምጽፈው። የምጽፈውም ሁለት ነገር ነው፦ ምን ጠየቁን? ተመለሱ ብለውናል ወይ? «ይደግፋል፣ ይቃወማል» የሚለውን ብዙ የውጭ አገር ዘመቻዎች ይመዘግቡታል። ይጠቅማል፣ አልክድም። ግን ያ ወረቀት ባጃጅ ውስጥ ተረስቶ ቢቀር የማን እጅ እንደሚገባ አናውቅም። ስለዚህ ለእኛ አልመክረውም።

ያቺው እህት ጨምራ፦ «ቡና ጠጡ ሲሉንስ? እምቢ ካልን ነውር ነው፣ ከተቀመጥን ቀኑ አለቀ።»

ትክክለኛ ችግር ነው። የቡናውን ቤት የመጨረሻ አድርጉት። «ይህን ረድፍ ጨርሰን እንመለሳለን» በሉ፣ ካላችሁ ደግሞ ተመለሱ። ተፈልቶ ከደረሳችሁ አቦሉን ጠጥታችሁ፣ መርቃችሁ ተነሱ። ቶናና በረካው ለሌላ ቀን።

የአንድ እጩ አስተባባሪ፦ «ያለን ገንዘብ ትንሽ ነው። ሞንታርቦ የጫነ መኪና እንከራይ ወይስ ልጆቹን በእግር እናሰማራ?»

ሞንታርቦ ከፒያሳ እስከ አቶቴ እየዞረ የእጩውን ስምና ምልክት ያስተዋውቃል። ለዚህ ያገለግላል። ሰውን ከቤት አውጥቶ ምርጫ ጣቢያ ማሰለፍ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ይህ በሙከራ የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 አላን ገርበርና ዶናልድ ግሪን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ኒው ሄቨን ከተማ ውስጥ ወደ 30,000 የሚጠጉ መራጮችን በዕጣ ከፋፈሉ። አንዱ ወገን ቤቱ ድረስ ተሄደለት፣ ሌላው ተደወለለት፣ ሌላው ፖስታ ተላከለት፣ የቀረው ምንም አልተደረገለትም። ቤቱ የተሄደለት ሰው በግልጽ በሚታይ ልዩነት ወጥቶ መረጠ። ፖስታው ትንሽ ረዳ። ስልኩ ምንም አልፈየደም።

ግን ቸኩላችሁ እልል አትበሉ። ሰውን ማስወጣትና የሰውን ሐሳብ ማስቀየር ለየቅል ናቸው። ጆሽዋ ካላና ዴቪድ ብሩክማን እ.ኤ.አ. በ2018 የ49 ሙከራዎችን ውጤት አንድ ላይ አድርገው አዩት። በጠቅላላ ምርጫ ጊዜ፣ ያውም ቀኑ ሲቃረብ፣ ቅስቀሳው ሰው የሚመርጠውን እጩ በማስቀየር በኩል ያመጣው ለውጥ በአማካይ ዜሮ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። አሜሪካ ውስጥ ማለቴ ነው። እዚያ ብዙው ሰው ፓርቲውን ይዞ ነው የሚያድገው።

ፈረንሳይ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2012 የፕሬዚዳንት እጩው የፍራንሷ ኦላንድ ሰዎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ በሮችን አንኳኩ። ቪንሰንት ፖንስ ያን ዘመቻ አጥንቶ ነበር። በር ላይ የተደረገው አጭር ወሬ ተጨማሪ ሰው ወደ ጣቢያው አላወጣም። ከወጡት መካከል ግን ለኦላንድ የተሰጠውን ድምፅ ከፍ አደረገ። እና ማንን እንመን? እኔ የምለው፦ የሌላ አገር ውጤት እንዳለ አይገለበጥም፣ የራሳችሁን ሰፈር እወቁ። ከሁሉም የማልለቀው አንድ ብቻ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የማያሚ ጥናት ነው። በአንድ አከራካሪ ማኅበራዊ ጉዳይ ላይ ቀስቃሾቹ አሥር ደቂቃ ያህል ቆመው፣ አብዛኛውን ጊዜ እየጠየቁና እያዳመጡ፣ ሰውዬው የራሱን ገጠመኝ እንዲያወራ አደረጉ። የመጣው የአመለካከት ለውጥ ቢያንስ ሦስት ወር ቆየ። የእኛ ልጆች ግን በር ላይ ንግግር ነው የሚያደርጉት፣ ትንሽ መድረክ ያገኙ ይመስል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አንድ ምርጫ ጣቢያ እስከ 1,500 መራጭ ይመዘግባል። በአንድ ደጃፍ ሦስት መራጭ ብንል 500 ደጃፍ ነው። ሁለት ልጆች ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፣ ዝናብ ካልያዛቸው፣ በወጉ የሚያናግሩት 12 ደጃፍ ነው። እኔ ካየሁት ከዚያ በላይ «ሠራን» የሚሉ ወረቀት በትነው ነው የሚመጡት። ስለዚህ አንድ ጥንድ ብቻውን 42 ምሽት ይፈጅበታል። ስድስት ጥንድ ካላችሁ በሳምንት ይጠናቀቃል። የመኪናው ኪራይ ለስድስት ጥንድ ውኃ፣ ትራንስፖርትና ጃንጥላ ይበቃል ወይ? እሱን እናንተ ደምሩት። የእሁድን ጠዋት ግን ከሒሳቡ አውጡት። ከተማው ያኔ ጸሎት ቤት ነው ያለው።

ከኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ፦ «የፓርኩ ሠራተኛ ነኝ። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተናል። ቀስቃሾች ሲመጡ አከራያችንን አነጋግረው ይሄዳሉ። ለመሆኑ እኔ እዚህ መምረጥ እችላለሁ?»

ትችያለሽ። 18 ዓመት ከሞላሽና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር ከኖርሽ መመዝገብ መብትሽ ነው። አገርሽ ሌላ ዞን መሆኑ ወይም ተከራይ መሆንሽ አይከለክልሽም። በምዝገባው ጊዜ ሄደሽ ካርድ ውሰጂ። ካርድ ሳይዙ በድምፅ መስጫው ቀን መሰለፍ ትርፉ ድካም ነው።

ቀሪው ለቀስቃሾች ነው። ፓርኩ በ2008 ከተከፈተ ወዲህ የሐዋሳ ግቢ ተለውጧል። አንድ በር ትከፍታላችሁ፣ ውስጥ ስድስት ሰርቪስ ክፍል አለ። እናንተ አከራዩን ታናግሩና «ግቢው አልቋል» ትላላችሁ። አላለቀም፣ አልተጀመረም። ልጆቹ በፈረቃ ነው የሚሠሩት፣ ስለዚህ በአንድ ሰዓት ሁሉንም አታገኙም። ማን መቼ እንደሚገባ የሰፈሩ ባለሱቅ ያውቃል። ደግሞ አንዷን ብቻ ማግኘትም ትንሽ ነገር አይደለም። ዴቪድ ኒከርሰን እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት፣ ሁለት መራጭ ባሉበት ቤት በር ከፍቶ ያዳመጠው ሰው «ውጡና ምረጡ» የሚለውን መልእክት ለሌላው ያደርስለታል። የጉብኝቱ ውጤት 60 በመቶ ያህሉ በሩ ላይ ወዳልነበረው ሰው ተላልፎ ተገኝቷል። አራት ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ፣ ማታ እንጀራ ቀርቦ ምን ያህል እንደሚወራ እናንተው ገምቱ።

አንዲት እናት ከሐይቅ ዳር፦ «ማንበብ አልችልም። ወረቀት ሰጥተውኝ ይሄዳሉ። ምን ላድርገው?»

እትዬ፣ ጥፋቱ የሰጪዎቹ ነው። ምልክቱን በጣታቸው አሳይተው፣ እርስዎም መልሰው እንዲያሳዩዋቸው ማድረግ ነበረባቸው። ኅዳር 10 ቀን 2012 በሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ሻፌታ የሚባለው የሲዳማ ባህላዊ የምግብ ዕቃና ጎጆ ነበሩ ምልክት ሆነው የቀረቡት። ማንበብ የማይችለውም ሰው የትኛው ምን እንደሆነ ለይቶ ነው የገባው። ወረቀቱ ላይ ምልክቱ መዳፍ ያክል፣ ጽሑፉ ትንሽ ይሁን። ቀስቃሾች ሆይ፣ ሲዳሙ አፎ ወይም ወላይትኛ የምትችል ልጅ ካለቻችሁ እሷ ትቅደም። በአማርኛ የተጀመረ ጨዋታ ብዙ ጊዜ በአክብሮት ብቻ ይቋጫል።

አንድ አባት ከታቦር፦ «በሬ ላይ መጥተው ‹ማንን ነው የሚመርጡት?› አሉኝ። የመመለስ ግዴታ አለብኝ?»

የለብዎትም ጋሼ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ነው ይላል። «ልቤ ያውቀዋል» ብለው በሩን ቢዘጉ ማንም አይቀየምዎትም። ጥያቄው ራሱ ብልግና ነው ባይ ነኝ። «ለሰፈራችን መጀመሪያ ምን ይሠራ ይላሉ?» ቢሉዎት ሁለታችሁም ትጠቀሙ ነበር። ጃፓን ቤት ለቤት ቅስቀሳን እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በሕግ ከልክላለች። ከምክንያቶቹ አንዱ ድምፅ በር ላይ እንዳይገዛ የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። በሩ ከተዘጋ ሜዳው ቢልቦርድ ማሠራት ለሚችለው ብቻ ይቀራል።

በጽሑፍ መልእክት፦ «ባዶ እጅ ከመሄድ ስኳር ወይም ሳሙና ነገር ብንይዝስ?»

አትያዙ። ለድምፅ ብሎ ስጦታ መስጠት በምርጫ ሕጉ ክልክል ነው። ደግሞ ስኳሩን ከሁሉም ይቀበላሉ።

አንድ ወጣት ከቱላ፦ «በጥሞናው ቀናት አክስቴ ቤት ብሄድ እንደ ቅስቀሳ ይቆጠርብኛል?»

ቅስቀሳ የሚቆመው ድምፅ መስጫው ቀን 4 ቀን ሲቀረው ነው። በእነዚያ ቀናት ቤት ለቤት መዞር አይቻልም፣ «አስታዋሽ ነኝ» ማለትም አያዋጣም። አክስትህ ጋ ግን ሂድ ወንድሜ፣ ዘመድ መጠየቅ የከለከለ የለም። ቲሸርቱን አውልቀህ ሂድ። «የእናንተ ምልክት የትኛው ነበር?» ካሉህ «ከምርጫው በኋላ እናወራለን አክስቴ» በላቸውና ቡናህን ጠጣ። እዚያ በረካውም ይፈቀዳል።