ላባ የመሰለው ሣር

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፤ የማወራው ስለ አንድ ሣር ነው። ሣር ደግሞ ምን ይወራለታል የምትሉ ትንሽ ታገሱኝ።

የሳይንስ ስሙ ክሎሪስ ቪርጋታ ነው። እኛም አገር ይበቅላል። ከአናቱ ላይ ላባ የመሰሉ ዛላዎች ተሰብስበው ሲቆሙ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምራል። የአውስትራሊያ ጥጥ አምራቾች፣ በተለይ የኩዊንስላንዶቹ፣ ግን ሲያዩት ፊታቸው ይጠቁራል።

ነገሩን ያመጣው በጎ ሐሳብ ነው። በመረሬ አፈራቸው ውስጥ እርጥበት ለማቆየት ብለው ማረስ ተዉ። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ግላይፎሴት የተባለው የአረም ማጥፊያ የማይገድለው ጥጥ ስለመጣላቸው አረሙን ሁሉ በዚያው መድኃኒት ይረጩ ጀመር። ሌላው አረም ሲሞት ይህ ሣር ቦታውን ወረሰ። ግላይፎሴት ድሮም እምብዛም አይደፍረውም፤ ቅርንጫፍ ካወጣ በኋላማ አይሞከርም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ዘሩ ነው። ደቃቅ ነው፤ በውስጡ የያዘው ስንቅ ትንሽ ስለሆነ ከጥልቀት ወጥቶ ፀሐይ ማየት አይችልም። ብርሃን ሲያገኝ በደንብ ይበቅላል፤ ብርሃን ደግሞ አፈር ውስጥ ከጥቂት ሚሊሜትር አያልፍም። ስለዚህ የሚወጣው ከላይኛው 2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ 5 ሴንቲሜትር ከተቀበረ ተስፋው የመነመነ ነው። አዲስ የረገፈው ዘር ጥቂት ሳምንታት ተኝቶ ይቆይና ሙቀትና ዝናብ ሲገናኙ ይነሣል። እንግዲህ ማረስ የተወ ገበሬ ዘሩን ያስቀመጠለት ራሱ ዘሩ የሚመርጠው ቦታ ላይ ነው።

ደካማ ጎኑም እዚያው አለ። የእኛ አቀንጭራ ዘር አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ የዚህኛው ግን አብዛኛው ከአንድ ዓመት ተኩል አያልፍም። ታዲያ ሁሉም ስለ ኬሚካል ብቻ ሲነጋገር ለምን ያናድደኛል? ሁለት ክረምት ያህል አንድም ተክል እንዳያፈራ መጠበቅ ከተቻለ የአፈሩ ክምችት ይራቆታል። አንድ ጊዜ በጥልቀት ማረስም፣ እርጥበት ቢያስከፍልም፣ ነውር አይመስለኝም። በዓመቱ ደግሞ ማረስ ግን የተቀበረውን መልሶ ማውጣት ነው።

ከማሳው ይልቅ የምፈራው ዳሩን ነው። አጥር ሥርና መንገድ ዳር ማንም ዞር ብሎ አያይም፤ አንድ ተክል ሺህ ዘር አርግፎ ነፋስና ጎርፍ ወደ ጥጡ ይነዱታል። መርጨት የሚጀምር ሰው ከዚያ ቢጀምር እመርጣለሁ።