ለትንሽ አውሮፕላን አውቶፓይለት ስትመርጡ፦ መያዙን ብቻ ሳይሆን መልቀቁንም ጠይቁ

[ምስል፦ የትንሽ አውሮፕላን መሪ ማንም ሳይነካው በዝግታ ሲዞር]

እ.ኤ.አ. በ1914 ሎረንስ ስፔሪ የተባለ አሜሪካዊ ፓሪስ አጠገብ በሴን ወንዝ ላይ ዝቅ ብሎ ሲበር ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ለተመልካች አሳየ። መካኒኩ ኤሚል ካሻን ደግሞ ከመቀመጫው ተነሥቶ ክንፉ ላይ ወጣ። አውሮፕላኑ ግን አላጋደለም፤ በጋይሮስኮፕ (በፍጥነት እየተሽከረከረ አቅጣጫውን በሚጠብቅ መንኮራኩር) የሚታዘዘው መሣሪያ ክንፉን አስተካክሎ ያዘው። የዛሬው አውቶፓይለት፣ ማለትም አውሮፕላኑን በራሱ የሚመራው መሣሪያ፣ እጅግ ረቋል፤ ዋና ሥራው ግን አልተለወጠም፦ መዝመምን ማወቅና ማረም።

ገዢዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት መሣሪያው ምን ምን መሥራት እንደሚችል ነው። እኔ የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ሲበላሽ ምን ያደርጋል? ስታጠፉትስ እንዴት ይለቃል?

ከዚያ በፊት ግን ምርጫችሁን የሚያጠብብ ጉዳይ አለ። በፋብሪካ ተሠርቶ የበረራ ብቃት ማረጋገጫ ባለው አውሮፕላን ላይ ያሻችሁን መግጠም አትችሉም፤ መሣሪያው ለዚያ ሞዴል ተጨማሪ የዓይነት ማረጋገጫ (እዚያ ሞዴል ላይ እንዲገጠም የሚፈቅድ የባለሥልጣን ወረቀት) ሊኖረው ይገባል። እንደ ሴስና 172 በብዛት ለተሠሩት አውሮፕላኖች አማራጩ ሰፊ ነው። ብርቅ ሞዴል ካላችሁ ምናልባት አንድ ብቻ ታገኛላችሁ፤ ጨርሶ ላይኖርም ይችላል። ስለዚህ የማስታወቂያ ወረቀት ከማገላበጣችሁ በፊት የተፈቀዱትን ሞዴሎች ዝርዝር እዩ።

ቀላሉ አውቶፓይለት ክንፍን ብቻ ይቆጣጠራል፤ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ወደታዘዘበት አቅጣጫ ያዞራል። ባለ ሁለት ዘንጉ የአፍንጫን ከፍና ዝቅ ማለት ጨምሮ ከፍታን ይጠብቃል። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ክንፉን ምረጡ። ደመና ውስጥ የገባ አብራሪን ለአደጋ ከሚያጋልጡት ነገሮች ዋነኛው ክንፉ ቀስ ብሎ ሲዘም አለማወቁ ነው፤ ሚዛኑን የሚነግረው የውስጥ ጆሮው ቀጥ ብለሃል እያለው አውሮፕላኑ እየተጠማዘዘ ይወርዳል።

[ምስል፦ የድሮ የአድማስ መለኪያ ቀስ በቀስ ወደ ጎን ሲያዘነብል]

ቀጥሎ መሣሪያው መዝመምን ከምን እንደሚያነብ ጠይቁ። ብዙ የድሮ አውቶፓይለቶች የሚያነቡት አየር በሚስብ የቫኩም ፓምፕ ከሚሽከረከረው የአድማስ ጋይሮ ነው። ፓምፑ ሲሞት ጋይሮው ወዲያው አይወድቅም፤ እየደከመ፣ እያዘነበለ ይሄዳል። አውቶፓይለቱም የሚዋሸውን መለኪያ በታማኝነት ይከተላል። ሌሎቹ የሚያነቡት በኤሌክትሪክ ከሚሠራው የመዞር መለኪያ ስለሆነ የቫኩም ብልሽት አይነካቸውም። አዲሶቹ ደግሞ ተሽከርካሪ ክፍል የሌለው የኤሌክትሮኒክስ ዳሳሽ አላቸው፤ የእነሱ ጥያቄ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ምን ያህል ይቆያሉ የሚለው ነው።

[ምስል፦ የአውሮፕላኑ ወለል ተከፍቶ፣ ሰርቮውና ገመዶቹ በቅርበት]

ወደ ገጠማው እንግባ፤ ዋናው ነገር ያለው ከወለል በታች ነው። ሰርቮ የሚባለው ሞተር ትንሽ ከበሮ አለው። በከበሮው ላይ ቀጭን የብረት ገመድ ይጠመጠማል፤ የገመዱ ሁለት ጫፎች ከመሪው በሚመጣው ዋና ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ይታሰራሉ። ቴክኒሻኑ የሁለቱንም ገመዶች ውጥረት በመለኪያ ያነባል፤ የአየሩንም ሙቀት ይመዘግባል፤ ምክንያቱም የአሉሚኒየሙ አካል ከብረቱ ገመድ ይልቅ በሙቀት ስለሚለጠጥ ውጥረቱ ይለዋወጣል። መሪው እስከ ጥግ ሲገፋና ሲሳብ ቀጭኑ ገመድ የትም መያዝ የለበትም።

ሰርቮው ውስጥ የሚንሸራተት ክላች (ኃይል ሲበዛበት የሚለቅ ማያያዣ) አለ። የሚንሸራተትበት የኃይል ልክ ለየአውሮፕላኑ ሞዴል የተወሰነ ነው፤ በመሆኑም ከሌላ ሞዴል የተነቀለ ሰርቮ ቅርጹ ቢመሳሰልም እንዳለ አይገጠምም። አብራሪው መሪውን በኃይል ሲይዝ ክላቹ ተንሸራቶ እጁ ማሸነፍ አለበት። መሬት ላይ እያላችሁ አብሩትና ታግላችሁ እዩት። አቅጣጫውን ወደ ቀኝ ስታዙት መሪው ወደ ቀኝ መዞሩንም በዓይናችሁ አረጋግጡ፤ ሽቦ ተገላብጦ ሊታሰር ይችላል።

ትሪም፣ ማለትም መሪው ላይ የሚያርፈውን ጫና የሚያስወግደው ማስተካከያ፣ የብዙዎች ራስ ምታት ነው። ራሱ ትሪም የማያደርግ አውቶፓይለት የአፍንጫውን ክብደት በሰርቮው ጉልበት ተሸክሞ ይቆያል፤ በድንገት ስታጠፉት ያ ክብደት ሁሉ እጃችሁ ላይ ይወድቃል። ራሱ ትሪም የሚያደርገው ደግሞ ሳታጠፉት መሪውን ከሳባችሁ ትሪሙን በተቃራኒው እያዞረ ይከራከራችኋል። ስለዚህ ማጥፊያው ቁልፍ መሪው ላይ፣ አውራ ጣት የሚደርስበት ቦታ ይሁን። ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ሰርኪዩት ብሬከሩም በጨለማ በመዳሰስ የሚለይ ቀለበት ይደረግለት።

ወረቀቱን በአጭሩ፦ የክብደትና የሚዛን መዝገብ ይታደሳል፤ ለበረራ መመሪያው የሚጨመረው ጽሑፍ አውሮፕላኑ ውስጥ ይቀመጣል። መሣሪያው መጥፋት ያለበት ዝቅተኛ ከፍታ እዚያ ተጽፏልና አንብቡት።

የመጀመሪያው ሙከራ በጠራ ሰማይ፣ በቂ ከፍታ ላይ ይሁን። ከፍታ እንዲጠብቅ ካዘዛችሁት በኋላ የሞተሩን ጉልበት ቀስ ብላችሁ ቀንሱ። አፍንጫው ይነሣል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል። የፍጥነት ጥበቃ የሌለው አውቶፓይለት ስቶል (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቅተው ሁኔታ) ድረስ ሊወስዳችሁ ስለሚችል ገና ቀደም ብላችሁ አጥፉት። አውሮፕላኑ ከፍ ዝቅ እያለ የሚዋልል ከሆነ ኮምፒውተሩን ለመውቀስ አትቸኩሉ፤ የላላ ገመድ ወይም እየተጣበቀ የሚይዝ መዘውር ሊሆን ይችላል። በምን ፍጥነት፣ በምን ከፍታ፣ ትሪሙ የት ላይ ሳለ እንደዋለለ ጽፋችሁ ለቴክኒሻኑ ስጡት።