የሚመቸኝ ኪሎ

እሺ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ የማወራውም ሳልቸገር ልቆይበት ስለምችለው ኪሎ ነው። ስለ መክሳት አይደለም። ስለ መክሳቱማ የሚያወራ ሞልቷል፣ ቲክቶክ ብትከፍቱ "በወር አስር ኪሎ" የሚል አታጡም። ሰውየው በዓመቱ ምን ላይ እንዳለ ግን ማንም አያሳያችሁም።

እኔ እራት ትቼ፣ እንጀራ ትቼ 58 ገብቼ ነበር። አምሮብኛል፣ አልዋሽም። ግን ሚያዝያ ላይ ሹራብ ደርቤ ይበርደኛል። ፀጉሬ ይረግፋል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሐሳቤ ነው፤ ስብሰባ ተቀምጬ ስለ ጥብስ ነው የማስበው፣ ለቅሶ ቤት ሄጄ እንኳን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ዓይኔ ንፍሮው ላይ ነው።

ይሄ የሆዳምነት ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1945 ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንሰል ኪስ የሚባል ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን፣ በፈቃዳቸው፣ ለስድስት ወር ያህል ምግብ ቀንሶባቸው ነበር። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉ ሄደ። ይበርዳቸዋል፣ ይነጫነጫሉ፣ ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ያወራሉ፣ እንዲያውም የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ የጀመሩ ነበሩ። በኋላ እንደ ልባችሁ ብሉ ሲባሉ ደግሞ ሆዳቸው ሞልቶም ረሃቡ አልለቀቃቸውም፣ ስባቸውም ከድሮው አልፎ ሄደ። ስብ ሲቀንስ ሌፕቲን የሚባለው ሆርሞን አብሮ ይወርዳል፣ አንጎል ደግሞ እሱ ሲጎድልበት ብላ ብላ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሌላ ጥናትም አለ፣ አሜሪካ በቴሌቪዥን ውድድር ላይ በጣም የከሱ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ ለካቸው። አብዛኞቹ ከጣሉት ብዙውን መልሰዋል፣ ሰውነታቸው ግን አሁንም በቀን ከሚጠበቀው 500 ካሎሪ ያህል አሳንሶ ነው የሚያቃጥለው። ይሄን ሳነብ፣ እውነት ለመናገር፣ ተናደድኩ። ከዚያ ቀለለኝ።

አሁን ከ64 እስከ 67 እመላለሳለሁ። ከፋሲካ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ወደ ላይ ነው፣ ዶሮውም ክትፎውም አለ፣ ከዚያ ምንም ሳላደርግ ይመለሳል። (ሁዳዴ ያከሳል የሚል ሰው ካለ በያይነቱን ከነዘይቱ አላየውም። 55 ቀን ሙሉ ፓስታና ዳቦ በልቶ የወፈረ ስንት ሰው አውቃለሁ። ለማንኛውም ጾም ጾም ነው፣ ዳይት ላድርገው ስል ሁለቱም ይበላሹብኛል።) ቁመቴ 1 ሜትር ከ65 ስለሆነ 66 ላይ ቢኤምአይዬ፣ ማለት ክብደቴ ከቁመቴ ጋር ሲመዛዘን የሚወጣው ቁጥር፣ 24 ምናምን ነው፣ ሐኪሞች ጤናማ ከሚሉት ከ18.5 እስከ 25 ውስጥ። ስኳር ወይም ግፊት ያለባችሁ የእናንተን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት፣ የኔን አትውሰዱ።

የማደርገው ብዙ አይደለም። ቁርስ ፍርፍር ብቻ ከሆነ አራት ሰዓት ላይ ይርበኛል፣ እንቁላል ወይም ፉል ካለበት ምሳ ድረስ ያደርሰኛል። ሻይ ያለ ስኳር። ከአራት ኪሎ ስድስት ኪሎ ታክሲ አልይዝም፣ ዳገቱን በእግሬ ነው (አዎ፣ ኪሎ ላይ ኪሎ)። ጉርሻ ሲመጣ አፌን እከፍታለሁ፣ እምቢ እያልኩ ሰው ማስቀየም ሰልችቶኛል። ይሄን ሁሉ የዛሬ አስር ዓመትም ላደርገው እችላለሁ፣ የ58ቱን ኑሮ ግን ለሚቀጥለው ወር እንኳን አልችለውም።

የሰው አፍማ አያልቅም። ስከሳ "አሞሻል እንዴ?" ያለችኝ አክስቴ አሁን "ተመችቶሻል!" ትለኛለች። አዎ እትዬ፣ ተመችቶኛል እላታለሁ። በ58 ያሰፋሁትን ቀሚስ ደግሞ ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት፣ ወስዳ እስከ ጉልበቷ አሳጠረችው።